ከአሲዚው ድሃ የወሰድነውና የተውነው

በምዕራቡ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው «የቅዱስ ፍራንቸስኮስ የሰላም ጸሎት» የሚባለውን ሳይሰማ አያድግም። በሠርግ ይነበባል፣ በቀብር ይዘመራል፣ ፖለቲከኛም ንግግሩን ያሳምርበታል። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1979 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ምርጫ አሸንፈው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆመው የጠቀሱት ከዚሁ ጸሎት ነበር። ጸሎቱ ግን የፍራንቸስኮስ አይደለም። በ1912 ፓሪስ ውስጥ «ላ ክሎሼት» በምትባል አነስተኛ የካቶሊክ መጽሔት ላይ የደራሲው ስም ሳይጠቀስ በፈረንሳይኛ ወጣ። ቆየት ብሎ የፍራንቸስኮስ ሥዕል ባለበት ካርድ ጀርባ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉና ጸሎቱ ተጋብተው ቀሩ። ቅዱሱ ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ቅዱሳን ዛሬ ባለው ክርስትና ላይ ምን ተጽዕኖ አላቸው ሲባል እኛ ዘንድ ወዲያው የሚነሣው ሙግት የታወቀ ነው፤ ምልጃ አለ ወይስ የለም፣ ሥዕል ይሰገድለታል ወይስ አይሰገድለትም። ሙግቱ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ስለሚካሄድ እዚህ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የካቶሊኩን ቅዱስ ስም በጸሎታቸው የማይጠሩ ሰዎች እንኳ ከእሱ ብዙ ወስደዋል፤ የወሰዱት ግን ቀላል ቀላሉን ነው። ፍራንቸስኮስ ሕይወቱን ያስያዘበትን ነገር፣ ምንም የእኔ የሚሉት ሳይኖር መኖርን፣ ቀድማ ያለዘበችው የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ናት። ሰውየው እስከ ዛሬ ዕረፍት የሚነሣንም በዚያው በተገፋው ነገር ምክንያት ይመስለኛል።

የሀብታም ልጅ ነው። አባቱ ፒየትሮ ዲ በርናርዶኔ በማዕከላዊ ጣሊያን፣ አሲዚ ከተማ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ልጁ በ1181 ወይም በ1182 ተወለደ። በጉርምስናው ገንዘብ የሚበትን፣ ስመ ጥር ፈረሰኛ መሆን የሚያምረው ዓይነት ነበር፤ ከጎረቤት ከፔሩጃ ጋር በተደረገ ውጊያም ተማርኮ ታስሯል። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ለውጥ በኑዛዜው ሲያስረዳ የሚጀምረው ከራእይ አይደለም፤ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ማየት እንኳ ይሰቀጥጠው የነበረውን ሕመምተኛ ቀርቦ ማስታመም ሲጀምር ሌላ ሰው እንደ ሆነ ይናገራል። በ1206 ገደማ አባቱ ንብረት አባክኗል ብሎ በከተማው ጳጳስ ፊት ከሰሰው። ልጁ የለበሰውን ሁሉ አውልቆ ለአባቱ መለሰና ራቁቱን ቆመ፤ ጳጳሱም በካባቸው ሸፈኑት።

ለወፎች መስበኩ፣ የጉቢዮ ከተማን ተኩላ ማላመዱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ትረካ ነው። በአንበሳና በነብር ተከብበው፣ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የተሣሉትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በየወሩ በአምስት እየዘከረ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ብዙም አይገርመውም። ምዕራባውያን ግን ወፉን ወደው ሕመምተኛውን ረሱት። ዛሬ የፍራንቸስኮስ ሐውልት በአሜሪካና በእንግሊዝ የጓሮ አትክልት ማስጌጫ ሆኖ ይሸጣል። ትከሻው ላይ ወፍ አለ፤ ከጎኑ ቁስለኛ ተቀምጦ ለጓሮ ሲሸጥ ግን አላየሁም።

ከእሱ ከተወሰደው ሁሉ ሰፊው የልደት ግርግም ነው። በ1223 የገና ሌሊት ግሬቾ በምትባል ተራራማ መንደር ድርቆሽ አስጎዝጉዞ በሬና አህያ አስመጣ፤ ቅዳሴውም በግርግሙ ላይ ተቀደሰ። እሱ ዲያቆን ነበርና ወንጌሉን በዜማ አነበበ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው የቼላኖው ቶማስ እንደሚለው፣ የፈለገው ሕፃኑ በበረት ሲወለድ ምን ያህል እንደ ተቸገረ በዓይኑ ማየት ነበር። የልደት ትርዒት ከእሱ በፊትም በአውሮፓ ካቴድራሎች ይታይ ነበር፤ ከካህናቱ እጅ አውጥቶ ወደ ገበሬውና ወደ ከብቱ ያወረደው ግን ያ ሌሊት ነው። ዛሬ ቅዱሳንን በማይዘክሩ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ፎጣ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው እረኛ ሲሆኑ፣ እናቶችም በስልካቸው ሲቀርጹ ይታያሉ። የግሬቾ ነገር መሆኑን ግን የሚያስታውስ የለም። በገበያ አዳራሽ መስታወት ውስጥ፣ በሚያብረቀርቁ መብራቶች መካከል የሚቀመጠው ግርግም ደግሞ ችግር የሚባል ነገር ጨርሶ አይታይበትም። ሕፃኑ እንኳን በርዶት ሞቆት ያላበው ይመስላል።

በፕሮቴስታንቱ ዓለም የሆነው ይበልጥ ያስገርማል። ፍራንቸስኮስን ለዘመናዊ አንባቢ ያስተዋወቀው መጽሐፍ ደራሲ ፖል ሳባትዬ የተባለ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ፓስተር ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው የሕይወት ታሪክ በየቋንቋው ሲነበብ፣ ቫቲካን በ1894 ምእመናን እንዳያነቡት ከታገዱት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። ሳባትዬ ቤተ ክርስቲያን ፍራንቸስኮስን ገርታ አሳደረችው ባይ ነበር። ፍራንቸስኮስ ፀሐይን ወንድሜ፣ ጨረቃን እኅቴ እያለ የደረሰው የፍጥረት ምስጋናም በእንግሊዛዊው ቄስ በዊልያም ድሬፐር እጅ መዝሙር ሆኖ፣ ዛሬ ባፕቲስቱም ሉተራኑም ይዘምረዋል። አንግሊካኖችማ የራሳቸውን የፍራንቸስኮስ ማኅበር አቋቁመው ቡናማ ቀሚስና ገመድ ታጥቀዋል።

ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ። ፍራንቸስኮስ ለተከታዮቹ በሠራው ሕግ በቀጥታም ሆነ በሰው በኩል ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከልክሏል። ነገሩ ምን ያህል የምር እንደ ነበር ከቶማስ ትረካዎች አንዱ ያሳያል። አንድ ምእመን ፖርሲዩንኩላ ወደምትባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናቸው ለመሳለም መጥቶ መስቀሉ ሥር ገንዘብ አስቀምጦ ሄደ። ከወንድሞች አንዱ ሳያስብበት አንሥቶ መስኮት ላይ ጣል አደረገው። ፍራንቸስኮስ ይህን ሲሰማ ገንዘቡን በአፉ ነክሶ ከመስኮቱ እንዲያነሣው፣ በአፉ እንደ ያዘም ከግቢ ወጥቶ የአህያ ፋንድያ ላይ እንዲያስቀምጠው አዘዘው። ዛሬ ያቺ ፖርሲዩንኩላ ጥቂት ሜትር ብቻ የምትሰፋ ሆና፣ በኋላ በላይዋ በተሠራው ግዙፍ ባዚሊካ ሆድ ውስጥ ቆማለች። ጎብኚው መጀመሪያ የሚያየው የውጭውን ጉልላት ነው።

ፍራንቸስኮስ በ1226፣ ኦክቶበር 3 ማታ እዚያው ፖርሲዩንኩላ ራቁቱን መሬት ላይ አስተኙኝ ብሎ ሞተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቅድስናው ታወጀ፤ በዚያው በ1228 ዐፅሙ የሚያርፍበት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ተጣለ። በ1230 ደግሞ የቀድሞ ወዳጁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ፣ ኑዛዜው ወንድሞቹን በሕግ አያስገድድም ብለው በየኑ። ወንድሞች ገንዘብ ባይነኩም የሚነካላቸው ሰው ማቆም ይችላሉ ተባለ። በ1245 ሌላ መላ ተጨመረ፤ ወንድሞች የሚገለገሉበት ንብረት የቅድስት መንበር ነው፣ እነሱ ተጠቃሚ ብቻ ናቸው። ማኅበሩ በወረቀት ላይ ድሃ ሆኖ፣ በከተማ ውስጥ ግን ገዳማትና የመጻሕፍት ቤቶች እያበዛ ቀጠለ።

ይህን ጨዋታ ያፈረሱት ሕግ ዐዋቂው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ናቸው። በ1322 ባወጡት ሰነድ፣ ለመሆኑ ወንድሞች የሚበሏት እንቁላልና አይብ፣ ቁራሽ ዳቦም ሳትቀር፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ናት ብሎ የሚያምን ጤነኛ ሰው አለ ወይ የሚል ክርክር አነሡ። በቀጣዩ ዓመት ክርስቶስና ሐዋርያት በግልም በጋራም ምንም አልነበራቸውም ብሎ በግትርነት ማስተማር ኑፋቄ ነው ተባለ። አስቀድሞ በ1318፣ ልብሳችንን አናስረዝምም፣ ጎተራ አንሠራም፣ በዚህ ላይ ጳጳሱ ሊያዝዙን አይችሉም ያሉ አራት የፍራንቸስኮስ ልጆች ማርሴይ ላይ በእሳት ተቃጥለዋል። ቅዱሱን መምሰል የፈለጉ ሰዎች፣ እሱን ቅዱስ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ነው የሞቱት።

ዮሐንስ 22ኛን ጨካኝ አድርጎ መሣል ይቀላል፤ ጥያቄያቸው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ያለው፣ ሕመምተኛ የሚያስተኛ፣ ገንዘብ ሳይነካ እንዴት ይተዳደራል? ለዚህ ፍራንቸስኮስ ራሱ መልስ አልተወም፤ አስተዳዳሪም አልነበረም። የሆነ ሆኖ ጉዳዩ በፍርድ ቤት አልተዘጋም። በየዘመኑ አንድ ቡድን ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ድህነት እንመለስ ይላል፤ በ1520ዎቹ የተነሡት ካፑቺኖችም እንዲሁ ብለው የወጡ ናቸው። የተለየ ቆብ አድርገው፣ ጢማቸውን አሳድገው፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት ወደ እኛም መጥተዋል።

ስለ እነሱ ከማውራታችን በፊት ዳምያታ ላይ የሆነውን ማንሣት ይገባል። በ1219 የመስቀል ጦረኞች የግብጿን የወደብ ከተማ ከብበው ሳለ፣ ፍራንቸስኮስ የጦር ግንባሩን ተሻግሮ ሱልጣን አል ካሚል ዘንድ ገባ። ሱልጣኑ ክርስቲያን አልሆነም፤ ፍራንቸስኮስም ተመኝቶት የነበረውን ሰማዕትነት አላገኘም፤ በሰላም ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጻፈው ሕግ ውስጥ ወደ ሙስሊሞች አገር የሚሄዱ ወንድሞች በሁለት መንገድ መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። አንደኛው ሳይከራከሩና ሳይጣሉ፣ ለሁሉ እየታዘዙ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን ግን ሳይደብቁ መኖር ነው። ሁለተኛው እግዚአብሔር ፈቅዷል ብለው ባመኑ ጊዜ መስበክ ነው።

ጎንደር የደረሱት ልጆቹ የሁለተኛውን መንገድ ዋጋ ከፍለዋል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ጭነው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 አዋጁ ተሻረ፤ ጥቂት ቆይቶም ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ተባረሩ። ቁስሉ ሳይሽር፣ በ1638 አጋታንጀሎና ካሲያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ከግብፅ ተነሥተው፣ የቅብጥ መነኮሳት መስለው ገቡ። ተይዘው ጎንደር ቀረቡ፤ በፋሲለደስ ዘመን ሞት ተፈረደባቸው። ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚሉት የተሰቀሉት ወገባቸው ላይ በነበረው በገዛ ቅናታቸው ነው። በ1716 ደግሞ ሦስት ፍራንቸስካውያን፣ አንድ ጀርመናዊና ሁለት ጣሊያናውያን፣ እዚያው ጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ሮም የመጀመሪያዎቹን በ1905፣ የኋለኞቹን በ1988 ብፁዓን ብላለች። ለካቶሊኩ ሰማዕታት ናቸው። ለጎንደር ሰው ግን የሱስንዮስ ዘመን ተመልሶ መጣ ማለት ነበር፤ አያቱን በዚያ ጦርነት ያጣ ሰው ቀሚሱ ቡናማ ይሁን ጥቁር ለይቶ አይመረምርም። ሁለቱንም ወገን ሳይረዱ ስለዚህ ታሪክ መጻፍ ነገር ማባባስ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡት ካፑቺኖች ግን ሌላ በር አግኝተዋል። በአገራችን አባ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ጉልየልሞ ማሳያ በኦሮሞ ምድርና በሸዋ ሲዘዋወሩ ሕዝቡን የፈንጣጣ ክትባት ይከትቡ ነበር፤ ሰዉም የፈንጣጣ አባት አላቸው። ወረርሽኝ መንደር ሲጨርስ ለኖረ ሰው ከስብከት ሁሉ በፊት የሚሰማው ይህ ነው። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ቢወዳጁም አፄ ዮሐንስ በ1879 ከአገር አስወጧቸው። በኋላ በ1901 ካፑቺኖቹ ሐረር ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። የሐረሩ ጳጳስ አባ እንድርያስ ጃሮሶ የራስ መኮንን ወዳጅ ነበሩ፤ ልጅ ተፈሪም የዘመናዊ ትምህርት በር የተከፈተለት በእሳቸው በኩል ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ዛሬም ከመቶ አንድ እጅ አይሞሉም። ተጽዕኖ በአባላት ብዛት የሚለካ ከሆነ ማኅበሩ ከስሯል። እኔ ግን የፍራንቸስኮስ የለውጥ ታሪክ የጀመረበት ነገር፣ ማለትም የቁስለኛው አልጋ፣ ሐረር ላይ ሥራ ሆኖ መገኘቱን የበለጠ እቆጥረዋለሁ።

በመጋቢት 2013 የአርጀንቲናው ካርዲናል ቤርጎሊዮ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ሲመረጡ አጠገባቸው የተቀመጡት ብራዚላዊው ካርዲናል ሁሜስ አቅፈው «ድሆችን እንዳትረሳ» አሏቸው። ፍራንቸስኮስ የሚለው ስም ያኔ እንደ መጣላቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ከእሳቸው በፊት ይህን ስም የወሰደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አልነበረም። ለስምንት መቶ ዓመት ያልተደፈረበት ምክንያት አይጠፋኝም፤ ስሙን የወሰደ ሰው በየቀኑ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሊጣላ ነው። በ2015 ያወጡት «ላውዳቶ ሲ» የተባለ መልእክት ርእሱን የወሰደው ከፍጥረት ምስጋናው ነው። ብዙ ሰው የአየር ንብረት ሰነድ አድርጎ አነበበው፤ የምድርን ጩኸት ከድሃው ጩኸት ለይቶ መስማት አይቻልም የሚለው ክፍል ግን በየስብሰባው ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። ወፉን ወስዶ ሕመምተኛውን መተው እንደገና መጣ። በ2019፣ ፍራንቸስኮስ ሱልጣኑን ባነጋገረ በስምንት መቶ ዓመቱ፣ አቡ ዳቢ ላይ ከአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም ጋር የወንድማማችነት ሰነድ ፈረሙ። ሚያዝያ 2025 ሲያርፉ መቃብራቸው ላይ የተጻፈው ስማቸው ብቻ ነው።

ተተኪያቸው ሊዮ 14ኛ የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ናቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ጀምረውት ያልጨረሱትን ስለ ድሆች የሚናገር ሰነድ ግን እሳቸው ጨርሰው የፈረሙት ኦክቶበር 4 ቀን 2025፣ በአሲዚው ድሃ በዓል ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር የሞተውን ካርሎ አኩቲስን ቅዱስ ብለው አውጀዋል። ኮምፒውተር ይወድ የነበረ፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ያሰናዳ ልጅ ነው። ጂንስ ሱሪና ስኒከር እንደ ለበሰ አሲዚ ውስጥ አርፏል፤ ወጣቶች ከየአገሩ እየመጡ በመስታወቱ ፊት ይሰለፋሉ። ቦታው ፍራንቸስኮስ ልብሱን አውልቆ ለአባቱ መመለሱ የሚዘከርበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያው በ2025 የካርሎ ጸጉር ነው የተባለ ነገር በኢንተርኔት ጨረታ ወጥቶ ሲሸጥ ተገኝቶ፣ የአሲዚው ጳጳስ ለሕግ አቤት ብለዋል። ስኒከሩ ብዙ ወጣት ወደ ጸሎት ማምጣቱን አልክድም። ነገር ግን ገበያው ቅዱሳኑን የሚቀድምበት ፍጥነት ከሰባት መቶ ዓመት በፊቱ የጎተራ ክርክር አልራቀም።

በ2026 ፍራንቸስኮስ ካረፈ ስምንት መቶ ዓመት ይሞላዋል። ዐፅሙ በ1230 እንዳይሰረቅ እጅግ ጠልቆ ስለ ተቀበረ እስከ 1818 የት እንዳለ በውል አልታወቀም ነበር። የአሲዚ ወንድሞች ለዚህ በዓል ለአንድ ወር ያህል ከመቃብሩ አውጥተው ለምእመናን ለማሳየት ወሰኑ። መሳለም የሚሻ አስቀድሞ በኢንተርኔት እንዲመዘገብ ተነገረ፤ የመግቢያ ክፍያ ግን እንደማይጠየቅ ተገለጸ። ከባዚሊካው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ከተማዋ የሚሄድ ሰው በግራም በቀኝም የሚያገኛቸው የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆችን ግን ይህ ውሳኔ አይመለከታቸውም።